እግርዎ የት ነው ያለው?

ዶክተር ሸምሱ ማረፋቸውን ልጃቸው ሐናን በስልክ ስትነግረኝ መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የመጣው ፊታቸው ሳይሆን ቀበቶአቸው ነው። ቡናማ፣ ጠርዙ የተላላጠ፣ ከለበሱት ሱሪ ጋር አንድም ቀን ተስማምቶ የማያውቅ ቀበቶ። ሐናን "ጸዳልዬ፣ አባዬ እኮ ዛሬ ጠዋት..." ብላ ድምፅዋ ሲቆረጥ እኔ የማየው ያንን ቀበቶ ነበር። ኋላ ላይ አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ ማፈሬን ተውኩት፤ በስክሪን የሚያውቋቸው ታካሚዎች ሁሉ ከፊታቸው አስቀድመው ያዩት ቀበቶአቸውን ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲያትል፣ ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ሬይኒየር ጎዳና ላይ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክሊኒክ ለብዙ ዓመት አብረን ሠርተናል። እኔ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ ግፊት እለካለሁ፤ በቪዲዮ የሚታከሙትን ደግሞ "እማማ፣ ስልኩን ከጆሮዎ ላይ ያውርዱትና ፊት ለፊትዎ ያድርጉት" እያልኩ አገናኛለሁ። እርሳቸው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው ይጠብቃሉ። የአንድ አዛውንት ፊት ብቅ ሲል ግን መቀመጥ አይሆንላቸውም፤ ብድግ ይላሉ። ካሜራው የተስተካከለው ለተቀመጠ ሰው ስለሆነ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው የሚያየው ሆዳቸውንና ቀበቶአቸውን ነው። አዛውንቱም በፊናቸው "ኧረ በሞቴ፣ ይቀመጡ" እያሉ ይነሳሉ። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ የማየው አንዱ ሆድ ሌላውን ሆድ "እርስዎ አስቀድመው ይቀመጡ" ሲለው ነው።

አንድ ቀን ታክቶኝ "ዶክተር፣ ካሜራውን ከፍ ላድርገው?" አልኳቸው።

"ከፍ ካደረግሽው ስቀመጥ ግንባሬ ብቻ ይታያል። ተይው" አሉኝ።

"እንግዲያው አይነሱ።"

"እሱንስ እናቴ ትስማሽ" አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እናታቸው ስልጤ ውስጥ ከሞቱ ቆይተዋል። ዶክተር ሸምሱ ግን ብዙ ነገር የሚያደርጉት አሁንም እናታቸው በር ላይ ቆመው እንደሚያዩአቸው ነበር። አገር ቤት ተምረው፣ ገጠር ሆስፒታል ሠርተው፣ አሜሪካ ሲመጡ ፈተናውንም ልምምዱንም ከልጆች ጋር እንደገና ሀ ብለው የጀመሩ ሰው ናቸው። ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ "ሁለት ጊዜ የተማረ ሰው ሁለት ጊዜ ይረሳል" ብለው ያልፉታል። ረጅም፣ ጎንበስ ያሉ፣ ሲያስቡ የጆሮአቸውን ጫፍ የሚያሹ ሰው ነበሩ። ግድግዳቸው ላይ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን ተሰቅሏል፤ አንዱ የእስልምና፣ አንዱ የኦርቶዶክስ። ጾም መቼ እንደሚገባ ከእኔ ይበልጥ ያውቁ ነበር፤ እኔ ደግሞ የቄስ ልጅ ነኝ።

ለዚህ ምክንያት ነበራቸው። ታካሚዎቻችንን የማያውቅ ሐኪም "እንዴት ነዎት?" ይላል፤ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ወይም "አልሐምዱሊላህ" የሚል መልስ ያገኛል፤ ደህና ናቸው ብሎ ይጽፋል። እግራቸው ያበጠ፣ ትንፋሻቸው ያጠረ፣ ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያነጉ ሰዎች ደህና ነን ይላሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ለሌላው ሲናገሩ የሚውሉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ዶክተር ሸምሱ "እንዴት ነዎት ሰላምታ ነው እንጂ ምርመራ አይደለም" ይሉ ነበር። ስለ ሕመም በቀጥታ አይጠይቁም። ሬንተን ያሉትን ሙስሊም አባት "ሶላት ቆመው ነው የሚሰግዱት ወይስ ተቀምጠው?" ይሏቸዋል። ሌክ ሲቲ ያሉትን ክርስቲያን እናት "ቅዳሴውን ቆመው ነው የሚያስቀድሱት?" ይሏቸዋል። ሰው ትንፋሹ ማጠሩን ይደብቃል፤ ቅዳሴ መቀመጡን ግን እንደ ኃጢአት ይናዘዛል። ከዚያ "ትራስዎ ስንት ነው?" ይከተላል፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ትራስ ካልደራረበ አይተኛምና። መጨረሻ ላይ በጣም በለሆሳስ "ከመቼ ጀምሮ?" ይላሉ። ይህችን "ከመቼ ጀምሮ" ካሉ በኋላ ሰዓት አያዩም ነበር፤ ወረፋው ቢረዝም የምሰደበው እኔ ነኝ።

በቪዲዮ ሲሆን ግን ከሰላምታው ቀጥሎ፣ ከሁሉም በፊት፣ አንድ ሌላ ጥያቄ አለ። "አሁን እግርዎ የት ነው ያለው?"

በኮሮና ጊዜ ስቴቶቹ በሩን ወለል አድርገው ከፍተውት ነበር። ሲያትል ያለ ሐኪም ሌላ ስቴት ያለ ታካሚ ቢያይ የሚቆጣው አልነበረም። ያ ጊዜ ሲያልፍ በሩ ተመልሶ ገርበብ፣ ከዚያም ዝግት አለ። ሕጉ የሚጠይቀው ሐኪሙ የት እንደተቀመጠ ሳይሆን ታካሚው የት እንዳለ ነው። የዶክተር ሸምሱ ፈቃድ የዋሽንግተን ስቴት ስለሆነ የታካሚው እግር ዋሽንግተን ካልረገጠ ማከም አይችሉም። አንድ ባለ ሱቅ ስለ ስኳር በሽታው ሊነጋገር ቀጠሮ ይዞ ኖሮ ሻንጣውን ታቅፎ ስክሪን ላይ መጣ።

"እግርህ የት ነው ያለው?" አሉት።

"ዳላስ ኤርፖርት ነኝ ዶክተር። ልቤ ግን ሲያትል ነው።"

"ልብህ እዚህ በመቅረቱ ደስ ብሎኛል። ፈቃዴ የሚከተለው ግን እግርህን ነው። ስትመለስ ያገናኘን።"

እኔ ይህ ነገር ያናድደኝ ነበር። "በሲያትል መንጃ ፈቃድ ፍሎሪዳ ድረስ ይነዳል፤ ለደም ግፊት ኪኒን ነው ድንበር የሚጠበቀው?" ብዬ እነጫነጫለሁ። እርሳቸው ጆሮአቸውን እያሹ ይሰሙኛል። አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦ "ጸዳለ፣ ኦሪገን ያለ ሰው እኔ ብጎዳው ለማን አቤት ይበል? የሚከሰኝበት ደጃፍ ያስፈልገዋል። ፈቃዱ እኮ የእኔ ማዕረግ አይደለም፤ የእሱ ዋስ ነው።" ትንሽ ቆዩና ደግሞ "ግን ሕጉን ሲጽፉ፣ 'ደህና ነኝ' ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሐኪም በየስቴቱ ስንት አለ ብለው አልጠየቁም" አሉ። ሁለቱንም ያምኑበት ነበር። ሁለቱን እንዴት አንድ ላይ እንደሚሸከሟቸው ያየሁት በእማማ ብርቅነሽ ጊዜ ነው።

እማማ ብርቅነሽ ሬንተን ከልጃቸው ከደረጀና ከሚስቱ ከሰናይት ጋር የሚኖሩ፣ ቀጭን፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው የማይወርድ እናት ነበሩ። በወጣትነታቸው ልባቸው ተጎድቶ፣ እዚህ ከመጡ በኋላ የልባቸው በር በብረት ተቀይሮላቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው ደሙ እንዳይረጋ በየቀኑ ደም ማቅጠኛ ይውጣል። ኪኒኑ ከበዛ ያደማል፣ ካነሰ ደም ይረጋና ወደ ጭንቅላት ይሄዳል። ይህ ኪኒን ደግሞ ከጎመን ጋር አይስማማም፤ ጎመን ሲበዛ ጉልበቱን ያጣል። እማማ ብርቅነሽ በሁዳዴ ምን እንደሚበሉ መቼም ለአማርኛ አንባቢ አልነግርም። ዶክተር ሸምሱ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ይጠሯቸዋል፣ ደማቸውን ያስመረምራሉ፣ መጠኑን ያስተካክላሉ፤ ለፋሲካ ደግሞ ይመልሱታል። "ጎመኑን ይተዉት" ብለዋቸው አያውቁም። "ይብሉ፤ ግን ሁልጊዜ እኩል ይብሉ፤ ቀሪውን ለኔ ይተዉት" ነበር የሚሏቸው።

ከዚያ የሬንተን ኪራይ ደረጀን አንገቱን አነቀው። የሰናይት ወንድም ፖርትላንድ ቤት አገኘላቸውና ወደዚያው ሄዱ። ፖርትላንድ ከእኛ የሦስት ሰዓት መንገድ ናት፤ ግን ኦሪገን ናት።

የመሰነባበቻው ዕለት እማማ ብርቅነሽ የዶክተር ሸምሱን ትከሻ ሳሙና "ለማን ጥለኸኝ ልትቀር ነው?" አሏቸው። ያኔ ነው በአንተ ሲጠሯቸው መጀመሪያ የሰማሁት። እርሳቸው ለአዲሱ ሐኪም ሁሉንም ጽፈው ላኩ፤ ስለ ጾሙም ጭምር። አዲሱ ሐኪም ደግ ሰው ነበር፣ ጥፋት አልነበረበትም። አስተርጓሚ በስልክ አስቀርቦ ሲጠይቃቸው ደህና ነኝ አሉ። ሁዳዴ ከገባ በኋላም "የምግብ ለውጥ አድርገዋል ወይ?" ብሎ ጠየቃቸው። አላደረግኩም አሉ። አልዋሹም። ለእርሳቸው ጾም በየዓመቱ ያለ ነው፤ ለውጥ ብሎ ነገር የለም።

ደረጀና ሰናይት ግን የእማማ ፊት አላማራቸውም። ደረጀ ደወለልኝ።

"ጸዳልዬ፣ ለእማዬ የቪዲዮ ቀጠሮ ያዢልን እስቲ።"

"እናንተ ፖርትላንድ አይደላችሁም እንዴ?"

"አይ፣ እማዬ ተመልሳለች። ከሰናይት ጋር ሬንተን ናት፣ የድሮው ቤት። ኦኬ? የድሮውን አድራሻ እንዳለ ተዪው።"

ቀጠሮው ዕለት እማማ ብርቅነሽ ስክሪኑ ላይ መጡ፤ ከጎናቸው ሰናይት አለች። ዶክተር ሸምሱ ተነሱ። እማማም ተነሱ። ሆድ ከሆድ ተያይተው፣ ተለማምነው፣ ተቀመጡ።

"እግርዎ የት ነው ያለው እማማ?"

"ሬንተን" አሉ እማማ። ሰናይት አቀርቅራለች።

"ቅዳሴውስ?"

"ተቀምጬ ነው፣ ይቅር ይበለኝ።"

"ጎመኑስ እንዴት ነው?" አሉ ዶክተር ሸምሱ ፈገግ ብለው። እማማ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። የመጣው ቃል ግን ቃል አልነበረም። የአፋቸው አንድ ጎን ወደ ታች ወረደ፣ ቀኝ እጃቸው ከጭናቸው ላይ ተንሸራተተ። ዶክተር ሸምሱ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ "ጸዳለ፣ 911 ደውዪ። ስትሮክ ነው በያቸው" አሉኝ። ደወልኩ። ከፋይሉ ላይ የሬንተኑን አድራሻ ሰጠሁ። "እየመጡ ነው፤ በጎናቸው አስተኚያቸው፣ ውኃ እንዳትሰጪ" ይሏታል ሰናይትን። ሰናይት ታደርጋለች፣ ታለቅሳለች፣ በሩን ታያለች። ስልኩ ላይ ያለችው ሴት "በር ላይ ደርሰዋል፤ የከፈቱት ሰዎች ግን የታመመ የለም እያሉ ነው" አለችኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።

ዶክተር ሸምሱ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳያነሱ "ሰናይት፣ ልጄ፣ እግራችሁ የት ነው ያለው?" አሏት።

"ፖርትላንድ ነን ዶክተር። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ፈቃድዎን እንዳያጡ ብለን ነው።"

"በስልክሽ አሁኑኑ 911 ደውዪ። እኔ የትም አልሄድም።"

ይህች ሴት አማቷ ዓይኗ ፊት ሲወድቁ፣ ሐኪሙ አምቡላንስ እየመጣ ነው ሲሏት፣ እንደማይመጣ እያወቀች ዝም ብላ በር ታይ ነበር። ክፉ ሆና አይደለም። ዋሽቻለሁ ብላ በማን ፊት ትናገር? ሰው በይሉኝታ ይሞታል ሲባል የሰማሁት ለአነጋገር ይመስለኝ ነበር። የፖርትላንዶቹ ፈጥነው ደረሱ፣ እማማ ብርቅነሽም ተረፉ። ቀኝ እጃቸው ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም። ንግግራቸውም ቃል በቃል፣ ከጉድጓድ እንደሚቀዳ ውኃ፣ በዝግታ የሚወጣ ሆነ።

ደረጀ በማግስቱ መጥቶ ክሊኒኩ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ዶክተር ሸምሱ አጠገቡ ተቀመጡ። "ለኔ ብላችሁ አትዋሹ" አሉት። "ለኔ ፈቃድ የሚጨነቅ ቢሮ አለ። ለእናትህ የሚጨነቀው አንተ ነህ።" ሌላ አልተናገሩትም። ያን ሳምንት ግን ከኪሳቸው የማይጠፋውን ቆሎ እንኳ ሳይቀምሱ ይውሉ ነበር።

ከዚያ የኦሪገንን ፈቃድ ለማውጣት ተነሱ። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ሰው ናቸው። የተማሩበት ትምህርት ቤት በቀጥታ እንዲጽፍላቸው አገር ቤት ስንት ሰው አስቸገሩ፤ ልምምድ የሠሩበት ሆስፒታል ስሙም ባለቤቱም ተቀይሮ ነበር። አሻራቸው አልነበብ ብሎ መልሰው ላኩባቸው፤ "ይኸው ያን ሁሉ ዓመት እጄን የታጠብኩት ዋጋውን ከፈለኝ" ብለው ሳቁ። ከጥያቄዎቹ መካከል ታዲያ በዚህ ስቴት ያለ ፈቃድ አክመው ያውቃሉ ወይ የሚል ነበረበት።

"አይ ይበሉ" አልኳቸው። "እርስዎ እኮ አላወቁም። ሰው ዋሸዎት። ይህንን ነገር ማንም አያነሳውም። ሶ ለምን ራስዎን ያስበላሉ? እማማን ማየት አይፈልጉም?"

"እፈልጋለሁ።"

"እንግዲያው አያበላሹት።"

"ጸዳለ" አሉ፣ ጆሮአቸውን ይዘው፣ "ሰዎቹ ለኔ ብለው ዋሹ፤ እማማ እጃቸውን አጡ። አሁን እኔ ለእማማ ብዬ ልዋሽ? በዚህ ቤት አንድ ሰው መጀመሪያ መተው አለበት።" አዎ ብለው ሞሉ፤ የሆነውንም የደረጀንና የሰናይትን ስም ሳይጠሩ አስረዱ። እኔ ሞኝነት ነው ብዬ ለሁለት ቀን አኮረፍኳቸው። እርሳቸው ማኩረፌን እንዳላዩ ሆነው ሻይ ያመጡልኝ ነበር።

ከኦሪገን ጥያቄ መጣ፤ መለሱ። ሌላ ጥያቄ መጣ፤ መለሱ። ወራት ሄዱ። ፈቃዱ ሊከለከል እንደሚችል፣ ከተከለከለ ደግሞ ያ ነገር ተከትሏቸው የዋሽንግተኑንም ሊነካባቸው እንደሚችል ሁለታችንም እናውቅ ነበር። በዚህ መሀል ነው ደረጀ መላውን ያገኘው። በፖርትላንድና በዋሽንግተን መካከል ያለው ወንዝ ብቻ ነው። ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ የመጀመሪያዋ ከተማ ቫንኩቨር ትባላለች፤ ዋሽንግተን ናት። ደረጀ እናቱን በመኪና ያሻግርና አንድ ትልቅ ሱቅ ፊት ለፊት ፓርክ አድርጎ ይደውልልኛል።

"ጸዳልዬ፣ ደርሰናል። ከፈለግሽ የሱቁን ስም ላሳይሽ?"

"አሳየኝ" እላለሁ። አሁንማ ማንን አምናለሁ?

እማማ ብርቅነሽ መኪና ውስጥ፣ የመኪና ቀበቶ ታስረው፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው ይታያሉ። ዶክተር ሸምሱ እዚህ ብድግ ሲሉ እማማ እዚያ ሊነሱ ሲሞክሩ ቀበቶው ይይዛቸዋል። ዝናቡ መስታወቱን ሲመታው አንዳንዴ አንሰማማም። ዶክተር ሸምሱ ያገኙትን ሁሉ ለፖርትላንዱ ሐኪም ደውለው ይነግሩታል፤ እርሱም ያመሰግናቸዋል፣ መድኃኒቱን ያስተካክላል። ነገሩ ፖርትላንድ ባሉ ሌሎች ሰዎቻችን ዘንድ ሲሰማ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪኖቹ በዙ። አባቶችና እናቶች መኪና ውስጥ ተቀምጠው ወረፋ ይጠብቃሉ፤ በመስኮት ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላውን "ይማርዎት" ይላል። የሱቁ ዘበኛ ተጨንቆ መጥቶ፣ እነዚህ ሽማግሌዎች ለምን ገብተው አይገዙም ብሎ ጠይቋል አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ዶክተር ሸምሱ አልሳቁም። "አንዲት የታመመች እናት ለመታከም ድልድይ መሻገር የለባትም" አሉ። በየጠዋቱ መጀመሪያ የሚከፍቱት ከኦሪገን መልስ መጥቶ እንደሆነ ነበር።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። እርሳቸው እየከሱ ነበር። ቀበቶአቸው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስተዋል፣ ትርፉ ጫፍ እየረዘመ ወደ ጎን ይንጠለጠላል። ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተደራርበው ስለነበር ሁላችንም በጾም ከስተናል፤ ሐኪሙ ለምን ከሱ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጾም ለመደበቅ እንዲህ እንደሚመች እርሳቸው ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ።

ፈቃዱ የመጣው በዚያው ጾም ውስጥ ነው። ማስጠንቀቂያ አለበት፣ ግን ፈቃድ ነው። ዶክተር ሸምሱ አንብበው ወደ እኔ ዞሩና "ለደረጀ ደውዪለት። መኪናውን አያስነሳ" አሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ከሐናን ጋር ለእማማ ብርቅነሽ መርዶውን ልንነግር ወደ ፖርትላንድ ስንወርድ፣ ድልድዩ ላይ ስንደርስ ከፈቃዱ በኋላ የነበረችው የመጀመሪያዋ ቀጠሮ ዓይኔ ላይ መጣች። ሐናን ትነዳለች፣ እኔ አለቅሳለሁ። ከቀበቶው ሌላ አንድ ነገር እንድነግራት ጠየቀችኝና ይህን ነገርኳት።

ስክሪኑ ሲከፈት እማማ ብርቅነሽ ቤታቸው ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ፣ የራሳቸው ወንበር ላይ ነበሩ። ወዲያው በደህና እጃቸው የወንበሩን ክንድ ይዘው ለመነሳት ተጣጣሩ፤ ሰናይት ደገፈቻቸው። በእኛ በኩል ዶክተር ሸምሱ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ገፋ አደረጉ። ተመልሰው ተቀመጡ። የዚያን ዕለት ስክሪኑ ላይ ቀበቶ አልታየም፤ የታየው ፊታቸው ነው። እማማ ግማሽ መንገድ ላይ ሆነው ቀሩና ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"እማማ፣ እግርዎ የት ነው ያለው?"

እማማ ሰናይትን አዩ። ከዚያ በዚያ በሚጎተት አንደበታቸው፣ ቆርጠው፣ "ዋ...ሽንግተን" አሉ።

ዶክተር ሸምሱ እስኪያስላቸው ሳቁ። "ዛሬ ቤትዎ ይሁኑ እማማ። ፈቃዱ መጥቷል።"

"ኦ...ሪገን?"

"ኦሪገን።"

እማማ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ከፈቱ። ከዚያ ዶክተር ሸምሱ እንደ ወትሮው ስለ ቅዳሴው ጠየቋቸው፣ ስለ ትራሱ፣ ስለ ጎመኑ። ጎመኑ እኩል ነው። ሁሉን ጨርሰው ሊሰናበቱ ሲሉ እማማ ግራ እጃቸውን አነሱ።

"እኔም ልጠይቅህ" አሉ። "ዛሬ አልተነሳህልኝም።"

"ወገቤን ትንሽ ይዞኝ ነው እንጂ ደህና ነኝ። አልሐምዱሊላህ።"

 እማማ ቃሉን ፈልገው እስኪያገኙት ጠበቅናቸው። "ስትሰግድ" አሉ፣ "ቆመህ ነው... ተቀምጠህ?"

የዶክተር ሸምሱ እጅ ወደ ጆሮአቸው ሄደ፤ መንገድ ላይ ቀረ። ጠረጴዛው ላይ መለሱት።

"ተቀምጬ ነው እማማ።"

"ከመቼ... ጀምሮ?"

ከስክሪኑ ዓይናቸውን ሳያነሱ መናገር ጀመሩ። ለሚስታቸው፣ ለልጃቸው፣ ለእኔ ያልነገሩትን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምረው ለእማማ ብርቅነሽ ነገሯቸው። በሌላው ስልክ ላይ ሰው እየጠበቀኝ ነበር። ዶክተሩ ታካሚ ላይ ናቸው፣ ትንሽ ይታገሱ አልኩት።